ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?

(በቦንጋ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



በካፋ ገጠር አንዲትን እናት የልጅዋን ዕድሜ ብንጠይቃት፣ «ቡና ሲለቀም ነው የወለድሁት» ትለን ይሆናል። ለእኛ ይህ በቂ መልስ ነው። ልጁ ብቻውን ተሰዶ በባዕድ አገር ጥገኝነት ሲጠይቅ ግን ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን ይጠየቃል። ከ18 ዓመት በታች መሆኑ ከታመነለት አሳዳጊና ትምህርት ቤት ሊያገኝ ይችላል። ካልታመነለት ግን ከጎልማሶች ጋር እንዲያድር፣ አንዳንዴም እንዲታሰር ይደረጋል።

የመጀመሪያው ችግር የዘመን አቆጣጠር ነው። «ጥር 2001» ብሎ የመለሰ ልጅ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 የተወለደ ነው። መዝጋቢው ቁጥሩን እንዳለ ከጻፈው ልጁ ስምንት ዓመት ይጨመርበታል።

ሁለተኛው ምርመራው ነው። ሐኪሞች የእጅ አጥንት በራጅ አንሥተው ያመሳክራሉ። ብዙ ጊዜ የሚያመሳክሩበት መጽሐፍ ግን በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ ከነበሩ፣ ኑሮ ከተመቻቸላቸው ልጆች የተወሰደ ነው። ርሃብና ሕመም የአጥንትን ዕድገት ያዘገያሉ፤ እኩዮችም ቢሆኑ እኩል አያድጉም። ስለዚህ አጥንት ግምት ይሰጣል እንጂ የልደት ቀን አይናገርም።

እርግጥ ጎልማሳ ሆኖ ሳለ «ልጅ ነኝ» የሚል አይጠፋም፤ እርሱን ከልጆች ጋር ማኖርም አደጋ አለው። ይሁን እንጂ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ በ2005 እ.ኤ.አ. እንዳሳሰበው፣ መልክ ብቻ ታይቶ አይፈረድም፤ ጥርጣሬው ካልጠራም ልጅ ሊሆን የሚችለው እንደ ልጅ ይያዝ።

እኛስ ምን እናድርግ? በአገራችን የልደት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሥራውን የጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ለስደት የሚነሡት ወጣቶች አብዛኞቹ ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው። ስለዚህ የክትባት ካርዳቸውንና የትምህርት ቤት ማስረጃቸውን በጥንቃቄ እናስቀምጥላቸው። አዲስ የሚወለዱትን በ90 ቀን ውስጥ በቀበሌ እናስመዝግብ። ሕፃን ለጸሎት ሲቀርብም የልደት ቀኑን በአጥቢያው መዝገብ እንጻፍ።

የፕሮጀክት ሠራተኞች የሆንን፣ ቅጽ ስንሞላ ዕድሜን በግምት አንጻፍ፤ ቡናው የተለቀመው በየትኛው ዓመት እንደ ነበረ፣ ከታላቁ በስንት ዓመት እንደሚያንስ እናቱን እንጠይቅ። ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ለመሄድ ሲሉ ዕድሜያቸውን አስጨምረው ፓስፖርት የሚያወጡ ልጃገረዶችንም እንምከራቸው፤ በኋላ ከለላ በሚፈልጉበት ቀን ያው ወረቀት ይመሰክርባቸዋል።

ከዛሬ ጀምሮ በየአጥቢያችን አንድ መዝገብና አንድ ታማኝ ጸሐፊ እንመድብ።