ስለ ሞለኪውሎች ቀኝና ግራ



የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ጀማሪ ከሚሰናከልባቸው ስፍራዎች ሁሉ ብርቱው የሞለኪውሎች ቀኝና ግራ ነው። እስከዚያ ድረስ ስንት ካርቦን፥ ስንት ሃይድሮጅን እንዳለ፥ የቱም ከየቱ ጋራ እንደ ተያያዘ ከተናገረ ይበቃው ነበር። ከዚህ በኋላ ግን አቶሞቻቸውም አያያዛቸውም አንድ ሆኖ ሳለ፥ አንዱ በሌላው ላይ ቢደረብ የማይገጥም ሁለት ሞለኪውሎች እንዳሉ ይነገረዋል። ይህ ጠባይ ካይራሊቲ ይባላል፤ «እጅ» ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣ ነው።

በካምፓላ ከተማ በኦዊኖ ገበያ ከተከመረው ልባሽ ጫማ የሚመርጥ ሰው፥ ልኩም ቀለሙም አንድ የሆነ ሁለት ጫማ ቢያገኝ፥ ሁለቱም የግራ ከሆኑ ገንዘቡን አይከፍልም። ያ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ የጐደለው ስሙ ብቻ ነው።

በዚያው ከተማ፥ በቪክቶሪያ ሐይቅ አጠገብ በሉዚራ፥ ኳሊቲ ኬሚካል ኢንዱስትሪስ የተባለ የመድኃኒት ፋብሪካ በ2007 እ.ኤ.አ. ተከፍቷል። ለኤች አይ ቪ ሕሙማን ካዘጋጃቸው መድኃኒቶች አንዱ ላሚቩዲን ያለበት ነው። የዚህ መድኃኒት ታሪክ ለክፍል ትምህርት እጅግ የሚመች ነው። በካናዳ መጀመሪያ የተሠራው ውሕድ ቀኙና ግራው እኩል የተቀላቀሉበት ነበር። ተለያይተው ሲመረመሩ ሁለቱም ቫይረሱን የሚገቱ ሆነው ተገኙ፤ ነገር ግን በተፈጥሮ የሚገኙትን የዲ ኤን ኤ ክፍሎች አቅጣጫ የሚከተለው ለሰው ሕዋስ ይበልጥ መርዛም ነበረ። የመስተዋት ምስሉን የቫይረሱ ኤንዛይም ሳይለይ ይቀበለዋል፤ የሰው ኤንዛይሞች ግን ይህን ያኽል አይቀበሉትም። በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደው ላሚቩዲን እንግዲህ ይኸው ምስል ብቻ ነው። በየቀኑ ኪኒን ለሚውጥ ሰው ቀኝና ግራ የፈተና ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ሉዊ ፓስተር በ1848 እ.ኤ.አ. ገና የ25 ዓመት ወጣት ሳለ፥ ከወይን ጠጅ አሲድ የተሠራን የጨው ፍሬ በወረንጦ እየለቀመ ቀኙን ከግራው ለየ፤ ሁለቱን በየብቻቸው በውኃ ቢያሟሟ፥ አንዱ ብርሃንን ወደ ቀኝ፥ ሁለተኛው ወደ ግራ አዞረ። ምክንያቱ እስኪገለጥ ግን 26 ዓመት አለፈ። በ1874 እ.ኤ.አ. ቫንት ሆፍና ለ ቤል፥ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው፥ የካርቦን አራት እጆች በጠፍጣፋ ሳይሆን ወደ አራት ማዕዘናት በጠፈር እንደሚዘረጉ አስረዱ።

ችግሩም ከዚህ ላይ ነው፤ ሰሌዳ ጠፍጣፋ ነውና። መምህሩ በጠመኔ ሲሥል የራሱ ዓይን ጥልቀቱን ያያል፥ ተማሪው ግን መስቀል ብቻ ያያል። ስለዚህ አንድ እፍኝ ጭቃና አራት ስንጥር ከብዙ ሥዕል ይበልጣሉ። በስንጥሮቹ ጫፍ አራት ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው ድቡልቡሎች ይሰኩ። ተማሪው ሁለቱን ቢያለዋውጥ የመስተዋቱን ምስል ያገኛል፤ እንደገና ሁለቱን ቢያለዋውጥ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ከአራቱ ሁለቱ አንድ ዓይነት ቢሆኑ ቀኝና ግራ መኖሩ ይቀራል፤ ይህንንም ማንም ሳይነግረው በእጁ ይደርስበታል።

ካን፥ ኢንጎልድና ፕረሎግ ያወጡት የስም አሰጣጥ ሕግ ከዚህ በኋላ ቢመጣ ይሻላል። ብዙ መጻሕፍት አስቀድመው ያመጡታል፤ ይህ ልጁ ሳይወለድ ስም እንደ ማውጣት ነው። በዚህ ሕግ አር ወይም ኤስ የሚባለው ፊደል የአቶሞቹን አቀማመጥ እንጂ ብርሃን የሚዞርበትን አቅጣጫ አይናገርም። የብርሃኑ አቅጣጫ በመሣሪያ ይለካል እንጂ ከፊደሉ አይገኝም፤ ተማሪዎች ሁለቱን የሚቀላቅሉት ብዙ ጊዜ ነው።

ሞዴል መሥራት የለመደ ተማሪ ላሚቩዲንን ራሱን ሊሞክር ይችላል። ቀኝና ግራ የሚሆኑ ሁለት ካርቦኖች ስላሉት በጠቅላላው አራት ቅርጾች ይወጣሉ፤ እነሱም ሁለት ጥንድ የመስተዋት ምስሎች ናቸው። አራቱን በገበታ ላይ አሰልፎ፥ ከአራቱ ወደ ኪኒኑ የሚገባውን አንዱን ለይቶ ያወጣል።