አካል ጉዳተኛ ተማሪ በከፍተኛ ትምህርት ቤት



የዐይን ብርሃን የሌለው ሰው ለከፍተኛ ዕውቀት ሊበቃ መቻሉ በኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ዜማውም ቅኔውም ከመምህሩ አፍ ወደ ደቀ መዝሙሩ ጆሮ የሚተላለፍ በመሆኑ፥ ዐይነ ስውሩ ከባልንጀሮቹ ጋራ ተቀምጦ ቃሉን እየተቀበለ ያጠናል፤ ሲበቃም በተራው ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል። በዚያ ጉባኤ ዐይኑ አላየም እንጂ ከትምህርቱ የቀረበት የለም።

ወደ ኮሌጅ የገባ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። የሒሳብ መምህሩ በሰሌዳው ላይ በጠመኔ እያመለከተ፥ «ከዚህ ላይ ይህ ሲቀነስ ያ ይቀራል» ይላል። የሚያየው ተማሪ ገብቶታል፤ ዐይነ ስውሩ ግን የሰማው «ይህ» እና «ያ» ብቻ ነው። ቍጥሩ በስሙ ተጠርቶ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም በእኩል በተረዱት ነበር። እንግዲህ ተማሪውን ወደ ኋላ ያስቀረው ዐይኑ ብቻ ሳይሆን የአነጋገሩ ልማድ ጭምር ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው በርኅራኄ የሚሠራው በደል ነው። ዐይነ ስውሩን «አንተ ሒሳቡ ይቅርልህ» ማለት የቸርነት ቃል ይመስላል። ይሁን እንጂ ሒሳብ የቀረበት ልጅ ሳይንሱም፥ ምሕንድስናውም፥ የገንዘብ አያያዙም ሙያ አብሮ ይቀርበታል። ሸክም የተነሣለት መስሎት ሳለ በር ተዘግቶበታል።

ትምህርቱን ለሁሉ ለማዳረስ የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር ከገንዘብ ይልቅ አስቀድሞ ማሰብን ይጠይቃል። ሳይደርቅ በርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ እንዲሉ፥ የሚነበበው መጽሐፍ ዝርዝር ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ከተሰጠ፥ በብሬል ለመገልበጥ ወይም በድምፅ ለመቅዳት ጊዜ ይገኛል። ዛሬ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነቡ ኮምፒዩተሮችና ስልኮች አሉ፤ ነገር ግን የገጹ ፎቶግራፍ ብቻ የተላከ እንደ ሆነ፥ ብዙ ጊዜ ለመሣሪያው ሥዕል እንጂ ፊደል አይሆንለትም። ስለዚህ መምህሩ በኮምፒዩተር የተጻፈውን ራሱን ቢሰጥ ይሻላል።

መስማት የተሳነው ተማሪም የራሱ ችግር አለበት። መምህሩ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ሲናገር ከንፈሩን ማየት አይቻልም። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ቢኖርም እንኳ፥ ተማሪው አስተርጓሚውን እየተመለከተ በዚያው ቅጽበት ማስታወሻ ሊጽፍ አይችልም፤ ስለዚህ የትምህርቱ ፍሬ ነገር በጽሑፍ ይሰጠው። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄደው ደግሞ ክፍሉን ከሦስተኛው ፎቅ ወደ ምድር ቤት ማዛወር፥ ብዙ ጊዜ የሰዓት ድልድሉን በሚያወጣው ሹም እጅ ያለ ነገር ነው።

ይህ ሁሉ የትምህርቱን ደረጃ ያወርዳል የሚል ሥጋት ይነሣል፤ ሊመረመርም ይገባዋል። ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል (1809–1852 እ.ኤ.አ.) የፈጠረው ጽሕፈት በ6 ነጥቦች 63 ምልክቶችን ይሰጣል። አማርኛ በዚህ ሲጻፍ ተነባቢውና አናባቢው ብዙ ጊዜ በየራሳቸው ምልክት ስለሚቀመጡ፥ ጽሑፉ ይረዝማል፤ በጣት ማንበቡም ጊዜ ይወስዳል። እንግዲህ ለፈተና የሚጨመረው ሰዓት የንባቡን መንገድ ያስተካክላል እንጂ መልሱን አይነግርም። ጥያቄው ያው ነው፤ ማለፊያውም ያው ነው። በልጅነቱ ዐይኑ የጠፋው ግብፃዊው ጣሃ ሑሴን እ.ኤ.አ. በ1914 ከግብፅ ዩኒቨርሲቲ የዶክትርና ማዕርግ ተቀብሏል፤ በ1950ም የአገሩ የትምህርት ሚኒስትር ሆኗል። ሚዛኑን ዝቅ ያደረገለት አልነበረም።

ሕጉም ቢሆን ይህን ያዝዛል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀውና ኢትዮጵያም በ2010 የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት፥ በ24ኛው አንቀጹ አካል ጉዳተኞች ያለ አድልዎ ወደ ከፍተኛ ትምህርት እንዲገቡና የሚስማማው ሁኔታ እንዲመቻችላቸው ይደነግጋል። ይሁን እንጂ አንቀጹ በክፍል ውስጥ የሚፈጸመው በመምህሩ አንደበት ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ መምህር ዓመቱ ሳይከፈት ተማሪውን አስጠርቶ፥ «እንዴት ብናስተምርህ ይበጅሃል?» ብሎ ይጠይቀው። ችግሩን ከባለቤቱ አብልጦ የሚያውቅ የለምና። ከዚያም ወደ ሰሌዳው ሲሄድ፥ የሚጽፈውን ሁሉ በስሙ እየጠራ ያስተምር።