የመንገድ ዳር መቃብሮችና የመለኪያ ሙያ

(በአሰላ ከተማ ለማኅበሩ አባላት ከቀረበ ንግግር)



ከሻሸመኔ ተነሥቶ በኮፈሌ በኩል ወደ ዶዶላ የሚጓዝ መንገደኛ፣ በመንገዱ ዳርና ዳር በቀለም ያጌጡ መቃብሮችን ያያል። በግንባቸው ላይ ፈረሰኛ፣ ጦር የያዘ ሰው፣ የቀንድ ከብትና አንበሳ ተሥሎባቸዋል። ይህ የአርሲ ኦሮሞ ሕዝብ ሟቹን በሕይወት ሳለ በነበረው ክብር የሚያስታውስበት ጥበብ ነው። ሆኖም ሥዕሉ የሚገኘው ከደጅ በመሆኑ፣ የደጋው ዝናብና ፀሐይ ቀለሙን ያደበዝዙታል። ቤተ ዘመድ አድሶ የቀባው እንደሆነም የቀድሞው ሥዕል ከአዲሱ ሥር ይቀራል። መቃብር ደግሞ እንደ ብራና መጽሐፍ ተነሥቶ ሙዚየም የሚገባ ቅርስ አይደለም። ስለዚህ ወደ መዝገብ ቤት ሊገባ የሚችለው ልኬቱና ምስሉ ብቻ ነው።

በዚህ ረገድ የምሥራቅ እስያ ሕዝቦች ልምድ ትምህርት ይሰጣል። የቻይና ሊቃውንት ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ እርጥብ ወረቀት በተቀረጸ ድንጋይ ላይ እየለጠፉ፣ በላዩም ቀለም በጨርቅ እየነካኩ ቅጂ ሲያነሡ ኖረዋል። ድንጋዩ ጠፍቶ ጽሑፉ በወረቀቱ ብቻ የተረፈበት ጊዜ አለ። በጃፓን አገር፣ በናራ አውራጃ በሚገኘው በሆርዩጂ ቤተ መቅደስ የነበሩት ጥንታዊ የግድግዳ ሥዕሎች እ.ኤ.አ. በ1949 በእሳት ተጎዱ። ነገር ግን በ1935 በመስታወት ላይ በጥንቃቄ ፎቶግራፍ ተነሥተው ስለነበር፣ ሠዓሊዎች በ1967 እና በ1968 በዚያው ፎቶግራፍ እየተመሩ ሥዕሎቹን እንደገና ሠርተዋቸዋል። ያው መስታወት ዛሬ በዲጂታል መንገድ ተገልብጦ ተመራማሪዎች በኮምፒዩተር ያጠኑታል። ሥዕሉን ያተረፈው ከእሳቱ በፊት የተሠራው ሥራ ነው።

የዛሬው መሣሪያ በመሠረቱ ለቅየሳ ባለሙያ እንግዳ አይደለም። አንድ ነጥብ ከሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ቦታ ሲታይ የት እንዳለ በማዕዘን ስሌት ይታወቃል። ኮምፒዩተሩም እርስ በርሳቸው በሰፊው ከሚደራረቡ ፎቶግራፎች በሺህ የሚቆጠሩ ነጥቦችን እንዲሁ አስልቶ የመቃብሩን ቅርጽ በሦስት ገጽታ ያወጣል። ከዚህ ከፍ ያለውም ሥራ በአገራችን ተሠርቷል፤ የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ለክተዋል።

ነገር ግን ምስሉ ያማረ ስለሆነ ብቻ ልኬት ነው አይባልም። ርዝመቱ የታወቀ ዘንግ ከመቃብሩ አጠገብ ካልቆመ የቅርጹ መጠን አይታወቅም። የቀለም ማነጻጸሪያ ካርድ አብሮ ካልተነሣ፣ ቀዩ በጊዜ ብዛት ደብዝዞ ይሁን በደመና ምክንያት ፈዝዞ ለመለየት ያስቸግራል። ቀኑ፣ ቦታውና የአንሺው ስም ያልተጻፈበት ፋይልም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባለቤት የሌለው ዕቃ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ሌላ ግዴታ አለ። መቃብሩ ከጥናት ዕቃነቱ አስቀድሞ የቤተ ሰብ ኀዘን ነው። የአገር ሽማግሌዎችና ቤተ ዘመድ ሳይፈቅዱ መለካት ተገቢ አይደለም። የፈረሱና የጦሩ ትርጉም፣ የሟቹም ታሪክ የሚገኘው ከእነርሱ አንደበት እንጂ ከካሜራው አይደለም። ሥራው ሲያልቅ አንድ ቅጂ ለቤተ ሰቡ፣ አንድ ቅጂ በአካባቢው ላለ የባህል መሥሪያ ቤት፣ አንድ ቅጂም ራቅ ባለ ስፍራ ሊቀመጥ ይገባል። ቅጂው ሁሉ ወደ ውጭ አገር ሄዶ የአገሬው ልጅ የአያቱን መቃብር ምስል በደብዳቤ የሚለምን ከሆነ፣ ቅርሱ ተጠበቀ ለማለት ያዳግታል።

ክቡራን አባላት፤ መንገድ ከመሠራቱ ወይም ከመስፋቱ በፊት መስመሩ በሙሉ ይቀየሳል። ዛፉ፣ ድልድዩና የውኃ መውረጃው በፕላኑ ላይ ይሰፍራሉ፤ መቃብሩ ግን ብዙ ጊዜ በአንዲት ምልክት ብቻ ይታለፋል። በዚያው ቀን፣ በዚያው መሣሪያና በዚያው ባለሙያ፣ በቤተ ሰቡ ፈቃድ፣ ግማሽ ሰዓት ቢጨመር ሥዕሉ ከነልኬቱ ይመዘገባል። መንገዱ ለትውልድ እንደሚሠራ ሁሉ፣ በመንገዱ ዳር ያለውም መታሰቢያ ለትውልድ ሊተርፍ የሚችለው የግንባታው መኪና ከመድረሱ በፊት በሚሠራው በዚህ ሥራ ነው።