ከድባጤ፦ ሐኪም ሰርኪት ስትሥል



ድባጤ ላይ የፎቶቴራፒ መብራት ሲበላሽ ጠጋኙ ሩቅ ነው። በስልክ «ያቺ ትንሿ ዕቃ ከስላለች» ቢሉት ምን ይገባዋል? ስለዚህ ኪካድ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ሰርኪቱን ሣልኩት። «ኤ» ዕቃ ያስቀምጣል፣ «አር» ያዞራል። በ«ኤም» ስታንቀሳቅሱት ሽቦው ይቀራል፤ በ«ጂ» ግን ሽቦውም አብሮ ይሄዳል (ሰርጀኖቻችን ይቺን ይወዷታል)።

ዋናው በ«ኢ» የሚታረመው መጠን ነው። የ10 ኦምና የ100 ኦም ሬዚስተር ሥዕላቸው አንድ ነው፤ ኤልኢዲው የሚያገኘው ኮረንት ግን ለየቅል። መብራቱ በርቶ እየታየ ከደከመ፣ ቢሊሩቢንን የሚለውጠው የ460–490 ናኖሜትር ብርሃን ያንሳል። አራሱ መብራት ሥር ተኝቶ ቢጫነቱ ይብሳል፤ አንጎል ይጎዳል'ኮ!

አሁን ጠጋኙ ንድፉን ከፍቶ፣ «ዶክተር፣ መሣሪያውን ከሶኬት ይንቀሉና አር3ን ይለኩልኝ» ይለኛል።