የፍየል ካልደሬታና የሚያፏጨው ድስት
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን ባለፈው ወር «ያንን ከውጭ ያመጣሽውን ድስት ነገር እስቲ አስረጂን» ሲሉኝ ቀልድ መስሎኝ ስቄ ነበር። ኋላ ግን የብድር ኮሚቴያችን ዘንድ «ፕሬሸር ድስት መግዣ» የሚሉ ማመልከቻዎች እንደ ቀረቡ ሰማሁ። አንዷ አመልካች ጠዋት ጠዋት ለመንገደኛ ቅቅል የምትሸጥ እኅታችን ናት። ገንዘቡ የሁላችን ቁጠባ ነው። ስለዚህ ከማበደራችን በፊት ድስቱ ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደማይሠራና ሰውን እንዴት እንደሚያቃጥል ብናውቀው ይሻላል ብዬ ነው ዛሬ የቆምኩት። እኔንም አንድ ጊዜ አቃጥሎኛል። ክንዴን ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ያላያችሁ ቡናው ሲፈላ አሳያችኋለሁ።

ድስቱን የተማርኩት ቤይሩት፣ ሰው ቤት ስሠራ ነው። በቤቱ ሁለት ሠራተኞች ነበርን፤ እኔና አንዲት የፊሊፒንስ ሴት። እሷ ወጥ ቤቱን ትይዛለች፣ እኔ ልጆቹንና ጽዳቱን። በዕድሜ ትበልጠኝ ስለነበር በስሟ ስጠራት ፈገግ አለችና «አቴ በይኝ» አለችኝ። «አቴ» በእነሱ ቋንቋ ታላቅ እኅት ማለት ነው። እኔ «እቴ» ያለችኝ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ከአገር ከወጣሁ እቴ ያለኝ ሰው አልነበረማ። ከዚያ ወዲህ እሷ አቴ፣ እኔ እቴ እየተባባልን ሦስት ዓመት አብረን ኖርን።

አንድ ነገር በዚያው ላንሳ፤ ከድስቱ ጋር አይገናኝም፣ ግን ልጆቻችሁን ልትልኩ የምታስቡ ስላላችሁ ነው። የእሷ አገር መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ የቤት ሠራተኛ ሆና የምትወጣ ሴት ደመወዟ በወር ከ400 ዶላር እንዳያንስ ደንብ አውጥቶ ነበር። በተግባር ሁሉም ቤት አይከፍልም፤ እሷ ግን ቁጥሩን ታውቀው ነበር፣ ውሏንም በላስቲክ ጠቅልላ ፍራሿ ስር ታስቀምጥ ነበር። እኔ የፈረምኩት ወረቀት ምን እንደሚል እንኳ አላውቅም ነበር። እዚያው ቤት፣ እዚያው ሥራ ላይ ሆነን የእኔ ደመወዝ የእሷን ግማሽ አይሞላም። ይህን የነገረችኝ ሽንኩርት እየከተፈች ነው፤ ያለቀስኩት በየትኛው እንደሆነ እንጃ።

ወደ ምግቡ ልመለስ። አገሯ ውስጥ በጣም የታወቀው «አዶቦ» የሚሉት ነው፤ ሥጋ በኮምጣጤ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በቁንዶ በርበሬና በሶያ ሶስ ይቀቀላል። ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ ስለሚገባበት እኔ አልቀምሰውም ነበር፤ ለእኔ በዶሮ ትሠራልኝ ነበር። ልቤን የወሰደው ግን «ካልደሬታ» ነው። ይኼ የፍየል ነው። ስፔኖች ፊሊፒንስን ከ300 ዓመት በላይ ገዝተዋታልና ስሙ ከእነሱ ቋንቋ የመጣ ነው፤ ትልቅ የብረት ድስት ከሚለው ቃል። እዚያም እንደ እኛው ፍየል የሚታረደው ለዓመት በዓል፣ ለሠርግ፣ ለጥምቀት ድግስ ነው። በትልቅ ድስት፣ በእንጨት እሳት፣ ግማሽ ቀን ይንተከተካል። ቤይሩት ላይ ግማሽ ቀን የሚሰጠን ሰው ስለሌለ አቴ በፕሬሸር ድስት ትሠራው ጀመር።

አሁን ይህን ጉዳይ እዚህ ዱርቤቴ አምጥታችሁ እዩት። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ቤይሩት ባሕር ዳርቻ ናት። ባሕር ዳርቻ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ እዚህ ግን ከላያችን ያለው አየር ስለሚሳሳ 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ከፈላ በኋላ እንጨት ብትጨምሩበት ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። የፋሲካ ቅርጫ ወርች ከጠዋት እስከ ቀትር ተጥዶ ጅማቱ አልላላ የሚለን አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። «ይህ በሬ አርጅቶ ነው የታረደው» እያልን ቅርጫ ያስገባንን ሰው እናማለን፤ አንዳንዴ እውነት ነው፣ አንዳንዴ ግን ጥፋቱ የከፍታችን ነው።

ፕሬሸር ድስት ክዳኑ በጎማ ተጠብቆ ስለሚዘጋ እንፋሎቱን ያፍነዋል። የታፈነው እንፋሎት ውሃውን ይጫነዋል፣ ውሃው ቶሎ መፍላት ያቅተውና ወደ 120 ዲግሪ እስኪጠጋ ድረስ ይሞቃል። በዚያ ሙቀት ጅማቱ ይሟሟል፣ መረቁም ይወፍራል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ዴኒ ፓፒን የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1679 ለንደን ላይ አጥንት የሚያለሰልስ ድስት ብሎ ለሊቃውንቱ አሳይቶታል። እንፋሎት ሲበዛ የሚያስተነፍስ መክፈቻም አብሮ አበጀለት። እንግዲህ ድስቱ እንደሚፈነዳ ያኔም ይታወቅ ነበር ማለት ነው።

አሠራሩን ልንገራችሁ። አጥንት ያለው የፍየል ሥጋ አንድ ኪሎ። በግማሽ ኩባያ ኮምጣጤ፣ በተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና በቁንዶ በርበሬ ለውሳችሁ አንድ ሰዓት ያህል አስቀምጡት። ኮምጣጤው የፍየሉን ሽታ ይቀንሳል፤ ይኼን እኛ በሎሚ እናደርገው የለ? ከዚያ ሥጋውን ከኮምጣጤው አውጥታችሁ አንጠፍጥፉት። ክዳን ሳትዘጉ እዚያው ድስት ውስጥ በዘይት ጥበሱት፣ ጠቆር እስኪል። ሥጋውን አውጡና ሦስት ራስ ቀይ ሽንኩርት አቁላሉ፣ አራት ቲማቲም ጨምሩ፣ የጣሳው የቲማቲም ድልህ ካለ ሁለት ማንኪያ። ሥጋውን መልሱ፣ ጨው፣ ሁለት ኩባያ ውሃ። ከታች የያዘ ካለ በእንጨት ማንኪያ ጥርግ አድርጋችሁ አላቅቁ፤ የያዘው ሳይላቀቅ ከተዘጋ ያርራል፣ አሮ ደግሞ ክዳኑን መክፈት አይቻል።

ክዳኑን ዝጉ። ሲያፏጭ እሳቱን ቀንሱ። ደቂቃ የሚቆጠረው ከዚህ ነው፣ ከተጣደበት አይደለም። አቴ 30 ደቂቃ ነበር የምትለው። እኔ አገር ቤት ገብቼ በ30 ደቂቃ ባወጣው ሥጋው ይጎተታል፤ አፈርኩ፣ እናቴም «ይኼን ነው እንዴ ባሕር ተሻግረሽ የተማርሽው» አለችኝ። ኋላ ነው የገባኝ፤ ፕሬሸር ድስትም ቢሆን ከፍታ ላይ ጊዜ ይጨመርበታል። ልኩ ከ600 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ 5 በመቶ ነው። ለእኛ በ30 ደቂቃ ላይ 7 ደቂቃ ያህል ይደርሳል፤ ፍየሉ ያረጀ ከሆነ 45 አድርጉት። እንደዚያም ሆኖ ድሮ ሦስት ሰዓት ከሚወስድብን ጋር አይወዳደርም።

ሲበቃው ከእሳት አውርዱና ተዉት። ሩብ ሰዓት ይቀመጥ፤ ቡና ቁሉ፣ ልጅ እጠቡ። ራሱ ሲበርድ ክዳኑ በቀላሉ ይከፈታል። ከዚያ ድንችና ካሮት ጨምራችሁ ክዳኑን ሳትቆልፉ አብስሉት፤ መጀመሪያ ከገቡ ገንፎ ይሆናሉ። በመጨረሻ የእጅ መዳፍ የምታክል ጉበት ጠብሳችሁ፣ ወቅጣችሁ አዋህዱበት። እነሱ የታሸገ የጉበት ቅባት ነው የሚጨምሩት፤ የእኛው ትኩስ ጉበት እጅግ ይበልጣል። ወጡ የሚወፍረው በዚህ ነው። ጉበቱ ግን ክዳን ከመዘጋቱ በፊት አይገባም፤ የወፈረ ነገር ከታች ያርራል፣ ቀዳዳውንም ይደፍናል። ቃሪያ ጣል አድርጉና አውጡ። አቴ በሩዝ ነበር የምትበላው። እኔ በዳጉሳ እንጀራ በልቼዋለሁ፤ እሷ ብታየው ምን እንደምትል አላውቅም፣ ለእኔ ግን ይበልጥብኛል።

አሁን ወደ ማቃጠሉ። የፋሲካ ዕለት ነው፣ ጾም ተፈትቶ ሰው ተሰብስቧል፣ እኔ ቸኩያለሁ። ክዳኑ አልከፈት አለኝ። አልከፈት ያለኝ እንፋሎቱ ውስጥ ስላለ ነው፤ ድስቱ «ቆይ» እያለኝ ነው። እኔ ግን የጭልፋ እጀታ አስገብቼ ፈነቀልኩት። እዚያ ውስጥ ያለው ውሃ ተጭኖ ዝም ያለ እንጂ ከሚፈላ ውሃ በላይ የሞቀ ነው። ክዳኑ ሲነሳ በአንድ ጊዜ ገነፈለ፤ ክንዴ ላይና ደረቴ ላይ። ልጄ ከጎኔ ነበረች፤ ያን ጊዜ ሽንኩርት እንድታመጣ ባልልካት ኖሮ ፊቷ በክዳኑ ልክ ነበር። ይኼን እስከ ዛሬ ሳስበው እጄ ይንቀጠቀጣል። ጎረቤቶች ሮጠው ሊጥ ለቀለቁብኝ፣ አንዷ የጥርስ ሳሙና። በደግነት ነው ያደረጉት። ጤና ጣቢያ ስደርስ ነርሷ ያንን ስትፍቅ ያመመኝ ከቃጠሎው አላነሰም። የነገረችኝን ልንገራችሁ፤ የተቃጠለን አካል ወዲያው በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ያህል ማፍሰስ ነው። ቅቤ የለም፣ ሊጥ የለም። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ።

ስለዚህ ድስት ከመጣዳችሁ በፊት ሦስት ቦታ እዩ። በክዳኑ ላይ ያለውን የእንፋሎት ቀዳዳ ወደ ብርሃን አንሥታችሁ በዚያ ተመልከቱ፤ ብርሃን ካላሳያችሁ ተደፍኗል፣ በስንጥር ጥረጉት። ጎማውን በጣት ዳብሱት፤ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ይቀየር። ፊሽካውን ደግሞ አንሡትና እጠቡት፤ ሲያስቸግር ጨርቅ የሚያስሩበት፣ ድንጋይ የሚጭኑበት ሰዎች አሉ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እባካችሁ እኅቶቼ፣ ይኼ ራስን መግደል ነው። ድስቱን ከሁለት ሦስተኛው በላይ አትሙሉ። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ክክ ከሆነ ከግማሽ አይለፍ፤ ጥራጥሬ አረፋ ያነሣል፣ አረፋው ከገለባ ጋር ቀዳዳውን ይይዘዋል።

የእኛ ቤት እሳት ሌላው ችግር ነው። ቡታጋዝ ቁልፉን ሲያዞሩት ይቀንሳል። የእንጨት እሳት ግን ነበልባሉ ጎን ለጎን ወጥቶ የፕላስቲክ እጀታውን ያቀልጠዋል፣ ጎማውንም ያደርቀዋል። በሦስት ጉልቻ ላይ አልመክርም። ከአዊ የሚመጣው የዲከረንስ ከሰል በማንደጃ ሆኖ ደህና ነው፤ ሲያፏጭ ግማሹን ፍም በመቆንጠጫ አውጥቶ ወደ ጀበናው ማዞር ነው። ቤቷ መብራት ያላት በኤሌክትሪክ ምድጃ ትሥራ።

እማማ አንድ ቀን «ዶሮውንስ?» ብለውኝ ነበር፤ እዚያ ጥግ ተቀምጠው እየሰሙኝ ነው። እማማ፣ ለዶሮ ወጥ አይሆንም። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ውሃው እየተነነ፣ እየተማሰለ ነው የሚበስል። በታፈነ ድስት ውስጥ ውሃው የት ይሄዳል? ሽንኩርቱ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም። ያን ለሸክላ ድስት ተዉለት። ለቅቅል፣ ለቅልጥም፣ ለወርች፣ በጾም ለባቄላና ለሽምብራ ንፍሮ ግን እመሰክርለታለሁ። ለተዝካር ንፍሮ ሌሊቱን ሙሉ እሳት ሥር የምታድረውን ልጅ አስቧት።

ስለ ብድሩ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ቅቅል ለምትሸጠው እኅታችን ይሰጣት፤ የእንጨቱ ወጪ በሚቀንስላት ብቻ ቀስ እያለች ትከፍላለች። ግን ያገለገለ ድስት፣ ጎማው የት እንደሚገኝ የማይታወቅ፣ በማኅበራችን ገንዘብ አይገዛ። እኔን ያቃጠለኝ ድስት ያገለገለ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ቢሆንም ጎማውም የተሰነጠቀ ነበር። ሲገዛ አንድ ትርፍ ጎማ አብሮ ይገዛ፣ ዋጋውም በብድሩ ውስጥ ይግባ። ኮሚቴው ካልተስማማ እከራከራለሁ።

ድስቱ ኖሯችሁ ፈርታችሁ ቆጥ ላይ የሰቀላችሁት እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ሁለቱን በስም ልጠራ እችላለሁ፣ አልጠራም። በሚቀጥለው ስብሰባ ክዳናችሁን ብቻ ይዛችሁልኝ ኑ። ጎማውንና ቀዳዳውን አንድ በአንድ አብረን እናያለን። ፍየሉን ደግሞ ጾም ሲፈታ ካዋጣችሁ ካልደሬታውን እኔ እሠራለሁ፤ ኮምጣጤው ከእኔ ነው።