የአንጎል ምስልና የመርፌ ሕክምና



በአጅባር ደጋ ወገቡን የታመመ ገበሬ በቀንድ ዋግምት ይታገማል፤ በቻይና ያለው አምሳያው አኩፓንክቸር በተባለው ሕክምና በመርፌ ይወጋል። ሁለቱም «ተሻለኝ» ሲሉ፣ ሕመሙን ያስታገሠው መሣሪያው ነው ወይስ እምነቱ?

ሴይጂ ኦጋዋ እ.ኤ.አ. በ1990 ይፋ ያደረገው የማግኔት ምስል ዘዴ የሚለካው በአንጎል ደም ውስጥ የሚታየውን የኦክስጅን ለውጥ ነው፤ ፈውስን አይለካም። በ1998 ዛንግ ሂ ቾና ባልደረቦቹ በትንሿ የእግር ጣት አጠገብ የተወጋ መርፌ የአንጎልን የማየት ክፍል እንደሚቀሰቅስ አሳተሙ፤ በ2006 ግን ጽሑፉን ሳቡ።

ስለዚህ የመርፌው ምስል ከአስመሳይ መርፌ ምስል ጋር ሳይነጻጸር ማስረጃ ሊሆን አይገባውም። ዋግምትም በዚሁ ሚዛን ይመዘን፤ የሚታመመው የገበሬው ወገብ ነውና።