በቃኝ ላለ ሯጭ



የጋበዙኝ ሰዎች «ለተመራቂዎቹ ምክር ቢጤ ጣል ያድርጉላቸው» ብለውኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ተማሪ ሳሯሩጥ የኖርኩ ጡረተኛ የስፖርት መምህር ነኝና ምክር አያልቅብኝም። ግን እናንተ ወላጅ መክሮ፣ መምህር መክሮ የጨረሳችሁ ናችሁ። ስለዚህ ምክሩን ለጊዜው ልተወውና የቆየ ዕዳ ልክፈል። አሰላ ላይ ቆሜ፣ የስፖርት ሳይንስ ተመራቂዎች ፊት፣ አንድ ሯጭ ላመሰግን ነው የመጣሁት። የማመሰግነው ስለሮጠው ብቻ ሳይሆን ስላቆመበትም ሁኔታ ነው።

ሰውየው ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው። እዚሁ አሰላ በ1973 መወለዱን፣ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ለመመለስም ሌላ 10 መሮጡን፣ ደብተር የያዘበት ግራ ክንዱ ትልቅ ሰው ሆኖም ውድድር ላይ እንደታጠፈ መቅረቱን የማያውቅ ተመራቂ ካለ ዲግሪው ለጊዜው ይያዝ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ አንዷን ቀን ብቻ በራሳችን እጠራታለሁ። ከ1993 እስከ 1999 አራት ጊዜ በተከታታይ የ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን መሆኑን፣ በአትላንታና በሲድኒ የኦሎምፒክ ወርቅ ማጥለቁንም እናንተ በክፍል ስለተማራችሁት አልፈዋለሁ።

ሲድኒን ግን እንዲሁ አላልፋትም።

መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው፤ ደመራ በማግስቱ ሊለኮስ። ሲድኒ መሽቷል፣ እኛ ጋ ገና ቀትር ነው። ቴሌቪዥን ያለው ሻይ ቤት ውስጥ ተጠቅጥቀናል። ቴሌቪዥኑ ከብርጭቆ መደርደሪያው በላይ ጣራ ሥር ስለተሰቀለ ሁላችንም አንጋጠን ነው የምናየው። የምሳ ሰዓት ቢሆንም ያዘዘ ሰው የለም፤ ባለቤቱም ራሱ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ከኛው ጋር ቆሟል። ስታዲየሙ ውስጥ ከ112,000 በላይ ሕዝብ አለ። ኬንያዊው ፖል ቴርጋት ከአራት ዓመት በፊት አትላንታ ላይ በኃይሌ ተቀድሞ ብር ወስዷል፤ አሁን ሊበቀል መጥቷል። የኃይሌ የተረከዝ ጅማት ደግሞ ታሟል።

250 ሜትር ያህል ሲቀር ቴርጋት ተወነጨፈ። ረጅም እግሩን ዘርግቶ ሲሄድ ክፍተቱ በዓይን የሚታይ ሆነ። አጠገቤ የነበሩት አዛውንት «አለቀ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እኔ ዓይኔን ከኃይሌ ፊት ላይ አልነቀልኩም። ያ ምንጊዜም ፈገግታ የማይለየው ሰው ጥርሱን ነክሷል፣ አንገቱ ተገትሯል፣ ያቺ የታጠፈች ግራ ክንዱ ደረቱን ትደልቃለች። በመጨረሻው ቀጥታ በውጪው በኩል ወጣ። አንድ እርምጃ ቀነሰ፣ ሌላ እርምጃ ቀነሰ። አንገት ለአንገት ሆኑ። መስመሩ ላይ ማን እንደቀደመ እኛ ማወቅ አልቻልንም፤ ኃይሌ እጁን ሲያነሳ ነው ሻይ ቤቱ የፈነዳው። ስንት ብርጭቆ እንደተሰበረ ባለቤቱ ያውቃል፤ ያስከፈለው ሰው ግን አልነበረም።

ሰዓቱ 27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ ለ27 ደቂቃ ከ18.29 ሰከንድ ነበር። 25 ዙር ተሩጦ ልዩነቱ ዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ! በዚያው ኦሎምፒክ የወንዶች 100 ሜትር አንደኛና ሁለተኛ እንኳን የተለያዩት በ12 መቶኛ ነው። ነሐሱም በአሰፋ መዝገቡ አማካይነት የኛው ሆነ።

እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕዳ አለብኝ። በርካታ የሀገሬ ሰዎችም እንዲሁ። ሆኖም ኃይሌ እዚያው ሲድኒ ላይ ቢያቆም ኖሮ ዛሬ ይህን ንግግር ባላደረግሁም ነበር። የእሱን ታላቅነት የተረዳሁት መሸነፍ ከጀመረ በኋላ ነውና።

ከሲድኒ ተመልሶ ተረከዙን ቀዶ ሕክምና አደረገ። በ2001 ኤድመንተን ላይ ሦስተኛ ወጣ። በ2003 ፓሪስ ላይ ደግሞ ቀነኒሳ በቀለ የሚባል የበቆጂ ልጅ ጎኑ ተሰለፈ። አስቡት፤ ሠላሳ ዓመት የሞላው ሻምፒዮን ገና ሃያዎቹን ከጀመረ ልጅ ጋር ሲሮጥ ያለው ዕድል ሩጫው እንዲያዘግም አድርጎ ለመጨረሻው ዙር መቆጠብ ነው። ኃይሌ ግን ፊት እየወጣ ፍጥነቱን አከረረው። የሩጫው ሁለተኛ 5,000 ሜትር ከ13 ደቂቃ በታች ተሮጠ። ቀነኒሳ በ26 ደቂቃ ከ49.57 ሰከንድ አሸነፈ፣ ኃይሌ ከአንድ ሰከንድ በጥቂት ዘግይቶ ሁለተኛ፣ ስለሺ ስህን ሦስተኛ። አረንጓዴው ጎርፍ መድረኩን ጠቅልሎ ወሰደው። የዚያን ቀን በርካታ ሰው «ኃይሌ አበቃለት» ሲል ሰምቻለሁ። ለኔ ግን ልጁን ማንም የማይጠረጥረው ሻምፒዮን ያደረገው የኃይሌ ፍጥነት ነው። በዘገምተኛ ሩጫ አሸንፎት ቢሆን ቀነኒሳ «ዕድለኛ» ይባል ነበር።

በ2004 አቴንስ ላይ እንደገና ታሞ ሮጠ። ያንን ሩጫ ፈልጋችሁ እዩት። ቀነኒሳና ስለሺ እየመሩ ወደ ኋላ ዞር ዞር ይላሉ። ኃይሌ እንዲደርስባቸው ረገብ ሲሉም በግልጽ ይታያል። የኦሎምፒክ ፍጻሜ ላይ ተቀናቃኝን መጠበቅ የትኛውም የሥልጠና መጽሐፍ ውስጥ የለም፤ አሠልጣኝ ከሆናችሁም እንዳታስተምሩት። እነሱ ግን አደረጉት። ሊደርስባቸው አልቻለም፤ ወርቁና ብሩ የሁለቱ ሆነ፣ ነሐሱን ዘርሰናይ ታደሰ ወስዶ ለኤርትራ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ሜዳሊያ አስገኘ፣ ኃይሌ አምስተኛ ገባ። ወርቅ የሚያጠልቁ ልጆች ዞረው የሚፈልጉት ሰው መሆን ከሜዳሊያው ያነሰ ክብር አይደለም።

ከዚያ ወደ ጎዳና ወጣ። በ2007 በርሊን ላይ የቴርጋትን የማራቶን ክብረ ወሰን ሰበረ። በነሐሴ 2008 ቤጂንግ ላይ በ10,000 ሜትር ስድስተኛ ወጥቶ ስናዝንለት፣ ልክ በስድስተኛው ሳምንት በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሮጠ። ማራቶንን ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ በ35 ዓመቱ። የሰውነት አሠራር የተማራችሁ ልጆች ነገሩ ይገባችኋል፤ የመጨረሻዋ ዙር ፍጥነት ቶሎ ትሄዳለች፣ ጽናት ግን ትቆያለች። እሱ የሄደችበትን እያለቀሰ አልተከተላትም፤ በቀረችው ሠራ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ መጣሁ። ኅዳር 2010፣ ኒውዮርክ። ጉልበቱ አብጦ ማራቶኑን መሃል ላይ አቋረጠ። ከዚያ ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ፣ እንባ እየተናነቀው፣ በቃኝ አለ። ለወጣቶቹ ቦታ ልልቀቅ አለ። የሚገርመው፣ ያን ዕለት ያንኑ ውድድር ያሸነፈው ገብረእግዚአብሔር ገብረማርያም ነበር፤ የመጀመሪያ ማራቶኑን የሮጠ ኢትዮጵያዊ ወጣት። ቦታው በተለቀቀበት ቀን ቦታው ተያዘ ማለት ነው። እኛ ያንን አየን? አላየንም። «እንዴት ታቆማለህ!» ብለን ተንጫጫን። ሰውየው ከቀናት በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ ተመለሰ። ለምን እንደተመለሰ ሆዱን የሚያውቀው እሱ ነው፤ እኔ ስለ ደጋፊው ነው የምናገረው። የኛ ፍቅር ስስት አለበት። ሯጩ ጉልበቱ ውኃ ቋጥሮም ቢሆን እንዲያስደስተን እንፈልጋለን። በየቡና ቤቱ «አንድ ጊዜ ብቻ ይድገመን» እንላለን፤ ደረጃ ሲወርድ መደገፊያውን ይዞ የሚወርደው ግን እሱ ነው።

ሲያቆሙ ደግሞ እንረሳቸዋለን። አበበ ቢቂላ በ1968 ሜክሲኮ ላይ እግሩ ታሞ ሲያቋርጥ ማሞ ወልዴ ወርቁን አስቀጠለው። በማግስቱ ዓመት አበበ በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ፤ በ1973 በ41 ዓመቱ አረፈ። ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ይፍጠር በ1980 ሞስኮ ላይ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ሲያመጣ የሰባት ዓመቱ ኃይሌ በአባቱ ሬዲዮ ይሰማ ነበር፤ ሯጭ ልሁን ያለውም ያኔ ነው። ያ ምሩፅ የመጨረሻ ዓመታቱን ካናዳ ኖሮ በ2016 ቶሮንቶ ውስጥ ሞተ። አስከሬኑ ሲመጣ ሕዝቡ ወጣ፣ ዜናው ደመቀ፣ ሁሉም አመሰገነ። ምሩፅ ግን አይሰማም። በሕይወት ሳለ ስሙን ጠርተን ያላልነውን ሁሉ ለሣጥን ነገርነው። በዚህ ነገር ላይ ቂም አለኝ፤ ቂሙም እኔን ጨምሮ በሁላችንም ላይ ነው።

ኃይሌ በግንቦት 2015 ማንቸስተር ላይ ለሁለተኛ ጊዜ በቃኝ አለ፤ 42 ዓመቱ ነበር። በዚያች ከተማ ጎዳና በተደጋጋሚ አሸንፏል፤ ያን ቀን ግን ከመሪዎቹ ኋላ እየሮጠ፣ ለሕዝቡ እጁን እያውለበለበ ገባ። እንባም ሆነ ጭቅጭቅ አልነበረም። ከ1992 የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ የሮጠ ሰው፣ ቁምጣውን አጥፎ ወደ ሥራው ሄደ። እንዲህ ያለ አወጣጥ በሀገራችን ብርቅ ነው። በስፖርቱ ብቻ አላልኩም፤ የተከበሩ ኃላፊዎችም ይሰሙኝ ይሆናል።

ከመም ውጪ በሠራው ሁሉ እንስማማ እያልኩ አይደለም። የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኖ በ2016 ተመርጦ በ2018 ሥልጣኑን ሲለቅ የወቀሱት አትሌቶች ነበሩ፤ ወቀሳቸውም መደመጥ ነበረበት። ቢዝነሱንም ለቢዝነስ ሰዎች እተወዋለሁ። በ2001 በ10,000 ሰው ተጀምሮ ኃይሌ ራሱ አንደኛ የወጣበትን ታላቁ ሩጫን ግን አልተውም። ሩጫ በሀገራችን የሜዳሊያ ሥራ ብቻ ነበር። ዛሬ ኅዳር ሲመጣ ቦርጫሙ ጎረቤቴ ቲሸርት ገዝቶ በዋዜማው አይተኛም።

ስለዚህ ኃይሌ፣ ወሬው ቢደርስህ፣ አንድ የአሰላ ጡረተኛ ስለ ሲድኒዋ ቀትር ያመሰግንሃል። በፓሪስ ፊት ወጥተህ ስለተሸነፍከው፣ በማንቸስተር ስላውለበለብከው እጅም እንዲሁ።

ተመራቂዎች ሆይ፣ ምክሩን ትቼዋለሁ ብልም መምህርነት አይለቅም። አብዛኛዎቻችሁ ኃይሌን የሚያህል ሯጭ አታሠለጥኑም። የምታገኙት በሃያ ሁለት ዓመቱ ጉልበቱ የተበላሸ፣ ክለቡ የሸኘው፣ ስሙ በሬዲዮ አንድም ቀን ያልተጠራ ልጅ ነው። ጋዜጠኛ የሚሰበስብለት የለም። በቃኝ የሚለው ከልምምድ በኋላ፣ ጫማውን ሲፈታ፣ ለናንተ ነው። ለወጌሻው፣ ለረዳት አሠልጣኙ፣ ለስፖርት መምህሩ።

ያን ጊዜ «አይዞህ፣ ትንሽ ብትታገስ» ከማለታችሁ በፊት እመኑት። ምርመራ ይፈልግ እንደሆነ አስመርምሩት። የሮጠባቸውን ውድድሮችና ያስመዘገባቸውን ሰዓቶች በወረቀት ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁ ስጡት፤ ሥራ ሲጠይቅ ያሳየዋል። ትምህርቱን ካቋረጠ ወዴት እንደሚመለስ አብራችሁት ጠይቁ። ከመሄዱ በፊት ደግሞ ጓደኞቹን ሰብስባችሁ፣ በስሙ ጠርታችሁ፣ ፊት ለፊት አመስግኑት። ወጪ የለውም፤ በጀትም አያስጠይቅም።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ደግሞ በመጀመሪያ ያሯሯጣችሁን የሰፈራችሁን የስፖርት መምህር ደውላችሁ አመስግኑ። ብዙዎቻችን ስልካችንን ከፍተን ነው የምንውለው።

እንኳን ደስ ያላችሁ።